አሮጌው መሃል ከተማ ወይስ አዲሱ ቦሌ? ለሥራ አዲስ አበባ ለሚያድር ሰው

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ እመላለሳለሁ። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ሪፖርት ማስረከብ። አልጋ የምይዘው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ስታዲየም አካባቢ ያለ፣ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ሆቴል ነው። ሌላው ቦሌ ያለ፣ መስታወቱ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ አዲስ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምለው ነገር መሰሎቻቸውንም ስለሚመለከት። ባልደረቦቼ «የቱ ይሻላል?» ሲሉኝ አጭር መልስ የለኝም። ረጅሙ ይኸውና።

በመጀመሪያ፣ ሆቴል አረጀ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም። ሂልተን የተከፈተው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ እንኳ ደርሶበታል። በሌላው ወገን ስካይላይት በ2019 እ.ኤ.አ. ኤርፖርቱ አጠገብ ተከፍቶ፣ ማስፋፊያው ሲያልቅ ከ1,000 ክፍል በላይ ይዟል። እኔ የማወራው ግን ስለነዚህ አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ስላላቸው፣ የመሥሪያ ቤት አበል ስለሚችላቸው ነው።

ክፍሉን እንይ። አሮጌው ሰፊ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ፓርኬ፣ በረንዳም አለው። ሻንጣዬን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን እንጎራደዳለሁ። ቦሌ ሻንጣው ከተከፈተ እኔ አልጋ ላይ መውጣት አለብኝ። ፍራሹ ግን የቦሌው ይሻላል፤ የአሮጌው መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። ሶኬትም እንዲሁ። አሮጌው ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ነው፣ እሱም ኮመዲኖው ጀርባ። ዲቫይደር ይዛችሁ ሂዱ። ዋይፋዩ ሎቢ ውስጥ ይሮጣል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያነክሳል። ኦንላይን ስብሰባ ያለበት ሰው ቦሌ ይደር፣ ክርክር የለውም።

ብርዱን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አሮጌው መስኮት የብረት ነው፤ በኅዳር ሌሊት ንፋሱ በዳር በዳር ይገባል። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ገና ስትገቡ ጠይቁ። ድምፅም አለ። ፊት ለፊቱ ዋናው መንገድ ስለሆነ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የሚኒባስ ጡሩንባ ይቀሰቅሳችኋል። «ጓሮ በኩል ስጡኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ዋጋው ያው ነው። ቦሌ ደግሞ መስታወቱ ድርብ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ቅዳሜ ሌሊት ከጎን ያለው ጭፈራ ቤት የሙዚቃውን ድምድምታ በግድግዳው ያስተላልፈዋል። እኔን አንድ ጊዜ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አስጨፍሮኛል፣ ተኝቼ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ባለፈው ክረምት አሮጌው ሆቴል አድሬ ጠዋት ሻወሩን ከፈትኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ቀዝቃዛ። አሥር ደቂቃ። ቀዝቃዛ። በ2 ሰዓት ተኩል ስብሰባ አለብኝ። ወደ ሪሴፕሽን ደወልኩ፣ «ይቅርታ፣ ቦይለሩ ተበላሽቷል» አሉኝ። በቃ ፊቴን ታጥቤ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ፎቁን የሚያጸዱት እናት ናቸው። በአንድ እጃቸው እንፋሎት የሚያወጣ ባልዲ፣ በሌላው ጆግ ይዘዋል። ከወጥ ቤት ነው ያስሞቁት፣ ሊፍቱም አሮጌና ቀርፋፋ ስለሆነ በደረጃ ነው ያመጡት። «ልጄ፣ ውሃው ዛሬ አኩርፏል። በዚህ ተለቃለቂ፣ ካነሰሽ እጨምራለሁ» አሉኝ። ባልዲውን ሲያስቀምጡ የብርቱካናማ ሻሻቸው ጫፍ ርሶ ነበር።

ቦሌም ውሃ ጠፍቶብኝ ያውቃል። እዚያ ወጣቱ ልጅ በጣም በትህትና፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ጭምር፣ «ለቴክኒክ ክፍል አሳውቀናል» አለኝ። ቴክኒክ ክፍሉ እኔ ከተማዋን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ መጥቶ ይሆናል። ልጁን አልወቅሰውም። ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ ስሄድ ሌላ ልጅ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ሆቴል ሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎች አሉት። አስተናጋጁ ረቡዕና ዓርብ ሳልጠይቀው የጾም ፍርፍር ያመጣልኛል፣ ማኪያቶውንም በጥቁር ቡና ይተካዋል። ዘበኛው ማታ ራይድ ስጠራ ታርጋውን አይቶ ነው በሩን የሚከፍትልኝ። ብቻዋን ለምታድር ሴት ይሄ ከመስታወቱ ይበልጣል።

ደግሞ የቁርስ ነገር። አንድ ቀን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል መውጣት ነበረብኝ። ቦሌ «ቁርስ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው» ብለው አሰናበቱኝ፤ የከፈልኩበት ቁርስ ቀረ። አሮጌው ከማታው ከነገርኳቸው ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ሙዝ በወረቀት ከረጢት ጠቅልለው ሪሴፕሽን ላይ ያስቀምጡልኛል። ጨውም በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ አለ።

ሒሳቡን በሁለቱም ቤት ተጠንቀቁ። በስልክ የሚነገራችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ «ፕላስ ፕላስ» ነው። በላዩ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 5,000 ብር የተባለው አልጋ 6,325 ብር ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። «ሁሉንም ጨምሮ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኙ በመሥሪያ ቤታችሁ ስምና ቲን ቁጥር መቆረጡንም ከመውጣታችሁ በፊት እዩ፤ ሒሳብ ክፍል ከተመለሳችሁ በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። አሮጌው ቤት ቲን ቁጥራችንን ደብተር ላይ ጽፈው ይዘውታል። ቦሌ «ሲስተም የለም» ብለው አርባ ደቂቃ አቁመውኛል። ዋጋ ላይ አሮጌው ቅናሽ ይሰጣል፣ በተለይ ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚይዝ። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው። ቦሌ ቅናሹ ከድርጅት ጋር በተፈረመ ውል እንጂ በልመና አይገኝም።

ቦታውን በተመለከተ ብዙም አላወራም። ጉዳያችሁ ለገሃር፣ ሜክሲኮ ወይም አራት ኪሎ ከሆነ አሮጌው ይሻላችኋል፤ ባቡሩም ስታዲየም ጋ ይቆማል። በረራ ካላችሁ ቦሌ። ማለዳ መስቀል አደባባይን አቋርጦ ኤርፖርት መድረስ ይቻል ይሆናል፣ ግን ልብ ያንጠለጥላል።

አንዲት ወጥመድ ልንገራችሁ። ኦንላይን ስትይዙ ክፍል ማስረከቢያ «12:00» ተብሎ ይጻፋል። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኩለ ቀን፣ በኛ 6 ሰዓት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የምሽቱ 12 መስሎኝ ተዝናንቼ ተመለስኩ፣ ግማሽ ቀን አስከፈሉኝ። አሮጌው ቤት ሻንጣችሁን እስከ ማታ በነፃ ያስቀምጡላችኋል፣ ያውም ወረቀት ለጥፈው።

ከመያዛችሁ በፊት ለሆቴሉ ራሳችሁ ደውሉ። ስለ ፎቶው አትጠይቁ። «ሙቅ ውሃ ከስንት ሰዓት ጀምሮ አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅሳል? ጓሮ በኩል ክፍል አላችሁ?» በሉ። መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ስሙ። «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» የሚል ሰው ክፍሉን አያውቀውም። አሮጌው ቤት ያለችው ልጅ «አራተኛ ፎቅ ውሃ ይደክመዋል፣ ሁለተኛ ልስጥሽ» ብላኛለች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ፓርኬው ቢንቋቋም እችለዋለሁ። ሽማግሌ ወይም ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ግን አትሞኙ፤ ሊፍቱ በሳምንት አንድ ቀን ይቆማል፣ ቦሌ ውሰዷቸው።

ለመጪው ሳምንት አራት ሌሊት አለኝ። ሦስቱን አሮጌው ቤት ይዣለሁ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጓሮ በኩል። የመጨረሻዋ ቦሌ ናት፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ስለምበር። ቁርሴን ከአሮጌው ቤት አስቋጥሬ እሄዳለሁ።