ራስ ገዝ ወይስ የመንግሥት በጀት? ለመምህሩ የቱ ይሻላል?

በ2015 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ወጣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት የምንከራከረው በዚሁ ነው።

በድሮው መንገድ ደሞዝ በወሩ ትገባለች። ትንሽ ናት፣ ግን አትቀርም። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ለላብራቶሪ ኬሚካል ትጠይቃለህ፣ ግዢ ክፍል ያመላልስሃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ይሰረዛል፣ በመሃል ሰኔ 30 በጀት ይዘጋና ሐምሌ ላይ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። የምታማክረው የማስተርስ ተማሪ ግን የመመረቂያ ጊዜው አይጠብቀውም።

ራስ ገዙ ቅጥሩንም፣ ደሞዙንም፣ ገቢውንም በቦርዱ በኩል ራሱ የመወሰን ሰፊ ነፃነት አለው። ጎበዝ መምህር ለማቆየት ይመቻል። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከተማሪ ክፍያ፣ ከማማከር፣ ከምርምር ፕሮጀክት። ኢንጂነሪንጉ ገበያ አለው እንበል። ፍልስፍና የሚያስተምረው ባልደረባዬ ማንን ያማክር? (ጠይቄው ስቆ ዝም አለ።)

እኔ ወደ ራስ ገዙ አዘነብላለሁ፣ መንግሥት ገበያ ለሌላቸው ትምህርቶች እጁን እስካልሰበሰበ ድረስ። ክልል ያለው ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ግን ዛሬ «ራስህን ቻል» ቢባል፣ ገና የውሃና የመብራት ችግሩን እንኳ ሳይጨርስ ነው።