የካሮል ዳንቨርስ ሁለት ልብሶች

በማርቭል ኮሚክስ (የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) ውስጥ ያለችው ልዕለ ጀግና ካሮል ዳንቨርስ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ ነበረች። በ1978 እ.ኤ.አ. ዴቭ ኮክረም የነደፈላት ልብስ ግን ከአብራሪ ይልቅ ለዋናተኛ ይቀርባል። ጥቁር፣ ጭኗን ገልጦ የሚያሳይ፣ ወገቡ ላይ ቀይ መቀነት፣ ደረቱ ላይ መብረቅ። መብረቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ግን በዚህ ማን ይዋጋል? አንዳንድ ሰዓሊዎችማ ጭራሽ ብሶባቸው፣ በቡጢ መሃል እንኳ ወገቧን አጣምመው ዳሌዋን ወደ አንባቢው ያዞሩታል። አጠገቧ ያለው ወንድ ጀግና ከአንገት እስከ እግሩ ተሸፍኖ!

በ2012 የጀግንነት ስሟ ከሚስ ማርቭል ወደ ካፒቴን ማርቭል ሲቀየር፣ ጄሚ ማኬልቪ የአብራሪ ቱታ የሚመስል፣ ደረቱ ላይ ኮከብ ያለበት ልብስ ነደፈላት። መቀነቷ አልቀረም። አሁን ቀድሞ ዓይን የሚገባው ፊቷና ቡጢዋ ነው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። መብረቁ ግን ይናፍቀኛል።