የኮንሴፕት ቱ የቀዘፋ ማሽን በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ

ሰሜን ሸዋ ገደልና ሸለቆ እንጂ የውድድር ጀልባ የሚቀዘፍበት ሰፊና የረጋ ሐይቅ የለውም። ስለዚህ ቀዘፋ የሚፈልግ የአካባቢው ወጣት መጀመር ያለበት ከጂም ማሽን ነው። ይህም ከስፖርቱ መንገድ የወጣ አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድኖች ቀዛፊዎቻቸውን ሲመርጡ የ2,000 ሜትር ፈተና የሚሰጡት በዚሁ በኮንሴፕት ቱ ማሽን ላይ ነው። ኮንሴፕት ቱ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ የጀልባ መቅዘፊያ በመሥራት ተነሣ፤ የመጀመሪያውን ማሽን በ1981 አወጣ። አሁን የሚሸጠው ሮውኤርግ የሚባለው ነው።

እጀታው ሲሳብ ሰንሰለቱ ማራገቢያ ያለውን ጎማ ያሽከረክራል፤ የሚከብደው አየሩ ነው። ከጎማው ጎን ያለው ከ1 እስከ 10 የተቆጠረ ማንሻ የሚገባውን አየር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በየጂሙ ማንሻውን 10 ላይ ሰቅሎ መሳብ እንደ ጉልበት ይቆጠራል፤ ስሕተት ነው። 10 ላይ የሚገኘው የከባድ ጀልባ ስሜት ነው፤ ወገብን ቶሎ ያደክማል፣ ሰዓትንም አያሻሽልም።

የደብረ ብርሃን ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያለ አሠልጣኝ “4 ላይ አድርጉት” ያለው ማንሻ እዚህ ቀሎ ይገኛል። መፍትሔው የማንሻውን ቁጥር ትቶ ስክሪኑ ድራግ ፋክተር የሚለውን፣ አየሩ ጎማውን ምን ያህል እንደሚይዘው የሚያሳየውን ቁጥር ማየት ነው። ፒኤም 5 በሚባለው የማሽኑ ስክሪን ላይ ተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ገብቶ ድራግ ፋክተርን መርጦ ጥቂት ጊዜ መሳብ ይበቃል። ከ110 እስከ 130 ያለው ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ እዚያ እስኪደርስ ማንሻውን ከፍ ማድረግ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ አየሩ ስለሚወፍር ቁጥሩ ከቀትሩ ከፍ ይላል፤ ከፈተና በፊት ሁልጊዜ ይታይ። ማሽኑ ጎማው ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ምን ያህል እንደሚዘገይ ስለሚለካ ዋቱን በየትኛውም ከፍታ በትክክል ይሰጣል። የኦክስጅኑን ማነስ ግን አያካክስም። ሰዓቱን ለሩቅ አሠልጣኝ የሚልክ ሰው ከፍታውንም ይጻፍበት።

ፍጥነት ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላም ማሽኑ ያለ ሽንገላ ያሳያል። 500 ሜትር በ2፡00 ደቂቃ ለመሄድ 203 ዋት ገደማ ይፈለጋል፤ በ1፡45 ለመሄድ 302። አውስትራሊያዊው ቀዛፊ ጆሽ ደንክሊ-ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2018 2,000 ሜትርን በ5፡35.8 ሲጨርስ በአማካይ 590 ዋት ገደማ ነበር ያወጣው። ቀዘፋን የሩጫ ታናሽ ወንድም አድርጎ ማሰብ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ረጅምና ከባድ ሰውነት ያለው ሰው ማሽኑ ላይ ይጠቀማል። የቀላል ክብደት ምድብም ከፓሪስ 2024 ወዲያ ከኦሎምፒክ ወጥቷል። በዚያው ምድብ ግን ደቡብ አፍሪካዊው ሲዝዌ ንድሎቩ ከሦስት ጓዶቹ ጋር ለንደን 2012 ላይ ወርቅ አግኝቷል፤ ማወቁ ለልጆቻችን ይጠቅማል።

የስበቱ ቅደም ተከተል እግር፣ ከዚያ ወገብን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ በመጨረሻ ክንድ ነው። ሲመለሱ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። ክንድን ቀድሞ ማጠፍ የእግሩን ኃይል ያባክናል። መቀመጫው ከትከሻ ቀድሞ ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል፤ ብዙው የጀርባ ሕመም ከዚህ ነው። መመለሱ የስበቱን እጥፍ ጊዜ ይውሰድ። ለረጅም ልምምድ በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ስበት ይበቃል።

ለዚህ አገር የሚመቸው ትልቁ ነገር መብራት አለመፈለጉ ነው። ስክሪኑ በሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሲቀዘፍም ከጎማው ኃይል ይወስዳል። ክብደቱ 26 ኪሎ ነው፤ ወለል ላይ 2.44 ሜትር ርዝመት ይይዛል።

ጥገናው ቀላል ነው፤ የሚረሳውም ለዚህ ነው። መቀመጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ በየቀኑ ካልተወለወለ ጥቁር እድፍ ይይዝና መቀመጫው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሰንሰለቱን በየ50 ሰዓት አጠቃቀም አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በሶፍት ይዞ መቀባት ነው፤ ዝገት ማስለቀቂያ ፍሊት አይነፋበት፣ ያደርቀዋል። እጀታው እስከ መጨረሻ ካልተመለሰ ውስጥ ያለው ላስቲክ ገመድ ላልቷል፤ ይጥበቅ። የድራግ ፋክተሩ ቁጥር ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሄደ የጎማው ወንፊት በአቧራ ተደፍኗል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ሚዛን መጠበቅንና መቅዘፊያን ውኃ ውስጥ ማስገባትን አያስተምርም። 14 ኪሎ በምትመዝን የአንድ ሰው ጀልባ ላይ ማሽኑን የረታ ሰው ሊገለበጥ ይችላል። በማሽኑ ላይ ጥሩ ሰዓት ያስመዘገበ ወጣት ቀጣዩን ልምምድ እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ ማድረግ አለበት። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ርቀቱ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚያጥር ለዚያ የሚያስብ ሰው ከ2,000ው ጎን ይህንንም ይለካ።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ስክሪኑ ያስቀመጠውን ጠቅላላ ሜትር ይጠይቅ፣ የሰንሰለቱን እያንዳንዱን አንጓ አጥፎ ይፈትሽ። አዲስ የሚያስመጣ ደግሞ ትርፍ ሰንሰለትና ላስቲክ ገመድ አብሮ ይዘዝ።