ለሂለር የቱ አድኦን ይሻላል? ሂልቦት፣ ቩህዱ ወይስ ግሪድ 2 ከ«ክሊክ» ጋር

ደብረ ብርሃን ላይ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የሚባለውን የኦንላይን ጨዋታ የምንጫወት ሰዎች ብዙ አይደለንም። ከመካከላችን ሂለር (በውጊያ ላይ ጓደኞቹን የሚያክም ተጫዋች) ልሁን ብሎ የሚነሳ ግን አይጠፋም። የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነው፦ «የቱን አድኦን (ጨዋታው ላይ የሚጨመር ትንሽ ማሻሻያ) ልጫን?» ከደብረ ሲና ይደወላል፤ ከሸዋ ሮቢት በቴሌግራም ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ለብቻው መመለሱን ለምጄው ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ ወዳጄ 600 ብር ከፍሎ «የሂለር ሙሉ ፓኬጅ» የተባለ ፍላሽ ገዝቶ መጣ። ፍላሹን ከፍቼ ካየሁ በኋላ አንዴ በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ግሪድ 2 ከ«ክሊክ» ጋር ነው። ሂልቦትም ቩህዱም መጥፎ አይደሉም፤ በሁለቱም ተጫውቻለሁ። በእኛ ኮምፒውተር፣ በእኛ መብራትና በእኛ ኢንተርኔት የሚያዛልቀው ግን እሱ ነው። የምጽፈው በዋናነት ስለ ክላሲክ፣ ማለትም ስለ ድሮው ቅጂ ነው፤ ስለ ዋናው (ስለ አዲሱ) ጨዋታ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

በዋጋው ልጀምር። አድኦን አይሸጥም። የጨዋታው ሠሪ ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ ማንኛውም አድኦን በነፃ መሰጠት አለበት፤ ኮዱ መደበቅ የለበትም፤ ጨዋታው ውስጥ ማስታወቂያ ማሳየትም ሆነ ገንዘብ መለመን አይችልም። ስለዚህ «የሂለር አድኦን በዚህን ያህል ብር» የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው። 600 ብር ይቅርና 50 ብርም አይገባውም። ሦስቱም አድኦኖች ከርስፎርጅ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ፋይላቸውም ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም።

ፍላሹ ውስጥ ምን ነበር? አብዛኛው ዓመታት ያለፉት የቩህዱና የዲከርሲቭ (ክፉ ድግምት ማንሻ አድኦን) ቅጂ ነው። ጨዋታው ሲከፈት «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ የሚዘጋቸው ዓይነት። እሱ እንኳን ችግር የለውም፤ ይጠፋል፣ አዲሱ ይወርዳል። የሚያስፈራው «አውቶ ሂለር» የሚል ስም የተሰጠው፣ ሲነካ ራሱን የሚጭን ፕሮግራም ነው። አድኦን ማለት በሉአና በኤክስኤምኤል የተጻፉ የጽሑፍ ፋይሎች፣ ከሥዕልና ከድምፅ ፋይሎች ጋር ነው። በ«ኢንተርፌስ» ሥር «አድኦንስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ይገለበጣል፤ በቃ። ስሙ በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፋይል ካያችሁ አትንኩት፣ አጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የከርስን የአድኦን ማውረጃ አስመስሎ የተሠራ ቫይረስ የብዙ ተጫዋቾችን አካውንት ዘርፏል። ኦተንቲኬተር (ሲገቡ ተጨማሪ ኮድ የሚሰጥ መጠበቂያ) የነበራቸውም አላመለጡም።

ደግሞ «አውቶ» የሚባለው ነገር በአድኦን አይቻልም። ድሮ ይቻል ነበር። አንድ ቁልፍ ሲጫን ዲከርሲቭ ክፉ ድግምት የሚነሳለትን ሰው፣ ሂልቦት ደግሞ የሚደረገውን ሂል ራሳቸው ይመርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የወጣው የጨዋታው 2.0 ቅጂ ይህን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በውጊያ ላይ የሚመርጠው የእናንተ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ራሱ ያክማል» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ወይ ውሸት ነው ወይ ቦት (በሰው ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም) ነው። በቦት የተያዘ አካውንት ይታገዳል፤ የከፈላችሁበት ጌም ታይምም (የመጫወቻ ጊዜም) አብሮ ይሄዳል።

ጌም ታይሙ ነው ዋናው ወጪ። በአሜሪካ ዋጋ በወር 14.99 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በፊት በባንክ ሲሰላ ከ900 ብር በታች ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያውም የደላላው ኮሚሽን ሳይጨመር፤ የውጭ ካርድ የሌለን ሰዎች ኮዱን የምንገዛው ከደላላ ነውና። ኮድ ስትገዙ ከአካውንታችሁ ክልል ጋር መስማማቱን መጀመሪያ ጠይቁ። የአሜሪካን ኮድ ለአውሮፓ አካውንት የሚሸጥ አለ፤ አይገባም፣ ብሩም አይመለስም። ለመሞከር ብቻ ከሆነ ደግሞ ገና አትክፈሉ። ዋናው ጨዋታ እስከ ደረጃ 20 በነፃ ይጫወቱበታል። ሰዎችን በማውስ እየጠቆሙ ማከም እጃችሁ ይመቸው እንደሆነ እዚያው ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው።

ሂልቦት ለጀማሪ በጣም ቀላሉ ነው። ጫኑት፣ ግቡ፤ ሂሎቹ ማውሱ ላይ ተደልድለው ይጠብቋችኋል። የሚታከመውን ሰው ሳጥን በግራ ቁልፍ ስትነኩት አንድ ሂል፣ በቀኝ ሌላ። አምስት ሰው ላለበት ዳንጀን (አነስተኛ የቡድን ውጊያ) ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የማልወደው ስክሪኑን ማጨናነቁን ነው። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ 40 ሰው ሲደረደር ሳጥኖቹ መሬቱን ይሸፍኑታል፤ እሳት ላይ መቆማችሁን የምታውቁት ከሞታችሁ በኋላ ነው። ማሳነስ ይቻላል፤ ግን ማስተካከያው ገጽ በገጽ ላይ ስለሆነ የምትፈልጉትን ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቩህዱ ከሦስቱ ብዙ ነገር የሚሠራው ነው። ታንኮቹን (ጠላትን ፊት ለፊት የሚጋፈጡትን) ለብቻ በሌላ ሳጥን ያወጣላችኋል። ያደረጋችሁት ሪኒው (ቀስ በቀስ የሚያክም ሂል) ስንት ሰከንድ እንደቀረው በየሰዉ ላይ ያሳያል። ቀለሙ፣ ድምፁ፣ ምልክቱ ሁሉ እንደ ፍላጎታችሁ ይለወጣል። ጥሩ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ መብራት ያለው ሰው ቩህዱን ቢመርጥ አልከራከረውም። ችግሩ ክብደቱ ላይ ነው። 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ 40 ሰው በተሰበሰበበት ሬይድ (ትልቅ የቡድን ውጊያ)፣ ሁሉም አንድ ላይ መመታት ሲጀምር ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ሂለር ደግሞ በጣም የሚፈለገው በዚያችው ቅጽበት ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው ጓደኛዬ ጋ ይብሳል፤ ሙቀቱና አቧራው ላይ ይህ ሲጨመር የላፕቶፑ ፋን ከጨዋታው ድምፅ በላይ ይጮኻል።

ግሪድ 2 እነዚህን ሁሉ ትቶ ትንንሽ ካሬዎችን ብቻ ይደረድራል። 40 ሰው በስክሪኑ አንድ ጥግ ያልቃል። በእያንዳንዱ ካሬ ማዕዘን ላይ ትንሽ ነጥብ ታደርጋላችሁ። የእኔ ፕሪስት (የምጫወትበት ሂለር) ላይ አንዱ ማዕዘን ሪኒው መኖሩን፣ ሌላው ጋሻ ካደረግኩለት በኋላ ለ15 ሰከንድ ሌላ ጋሻ መቀበል እንደማይችል ያሳየኛል። ጠላት የዞረበት ሰው ጠርዙ ይቀላል። ከሂሌ ርቀት የወጣው ይደበዝዛል። ሌላ ሂለር እያከመው ያለው ሰው ላይ የሚመጣው ሂል አስቀድሞ ስለሚታይ ማናዬን (ድግምት የሚሠራበትን ጉልበት) አላባክንም። ክላሲክ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማና ካወጣችሁ በኋላ ለአምስት ሰከንድ ያህል በስፒሪት የሚመለሰው ማና ይቆማል፤ ስለዚህ የተቆጠበች አንዲት ሂል ጥቅሟ ከዋጋዋ በላይ ነው።

የዲስፔሉም (ክፉ ድግምት የማንሳቱም) ነገር ምርጫዬን አጽንቶልኛል። ሞልተን ኮር በሚባለው ሬይድ ውስጥ ሉሲፍሮን የሚባለው ጠላት ሰዎች ላይ «ኢምፔንዲንግ ዱም» የሚል ድግምት ይለጥፋል። ማጂክ ስለሆነ ፕሪስት ያነሳዋል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ 2,000 ይመታል። እሱው የሚለጥፈውን ሌላ፣ የእርግማን ድግምት ግን ሜጅና ድሩይድ የሚባሉት ተጫዋቾች ናቸው የሚያነሱት። ግሪድ 2ን እኔ ማንሳት የምችለውን ብቻ መሀል ላይ እንዲያሳየኝ አድርጌዋለሁ። የማይመለከተኝን አላይም። ዲከርሲቭን ለብቻው መጫንም አላስፈለገኝም።

ግሪድ 2 ግን ያሳያል እንጂ አያክምም። ማከሙን የሚይዘው «ክሊክ» ነው። የሂል መጽሐፋችሁን ስትከፍቱ ጎኑ ላይ ይመጣል፤ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ሂል እንደሚያደርግ እዚያ ታስይዛላችሁ። ማውሱን ሰውየው ካሬ ላይ አድርጋችሁ የኪቦርድ ቁልፍ መጫንም ይቻላል። መጀመሪያ ቀን ሁለቱን ማቀናበር ከሂልቦት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን አልደብቅም። አንዴ ከተስተካከለ ግን ለወራት አትነኩትም።

እዚህ ላይ መብራቱ ይመጣል። ጨዋታው የአድኦን ማስተካከያችሁን ፋይል ላይ የሚጽፈው ስትወጡ ወይም ሪሎድ ስታደርጉ (ስክሪኑን እንደገና ስታስጭኑ) ብቻ ነው። ማታውን ሙሉ ቩህዱን ስታሳምሩ ቆይታችሁ መብራት ከጠፋ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ከሆናችሁ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው የሪሎድ ትእዛዙን (/reload) ቻቱ ላይ ጻፉ። ሲያልቅ ደግሞ «ደብሊውቲኤፍ» የሚባለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ሁሉም ማስተካከያ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ፍላሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይም ስትጫወቱ ያንኑ መልሳችሁ መገልበጥ ብቻ ነው።

ብር የምታወጡ ከሆነ ማውስ ላይ አውጡት። ሁለት ቁልፍና ጎማ ያለው ተራ ማውስ በቂ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ መሀል፣ ጎማው ወደ ላይ፣ ጎማው ወደ ታች፦ አምስት። እነዚህን ለብቻቸው፣ ከዚያም ከሺፍት፣ ከኮንትሮልና ከኦልት ጋር ስትቆጥሯቸው 20 ይሆናሉ። በውጊያ ላይ ከ20 በላይ ሂል የሚያስፈልገው ሂለር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጎኑ ላይ 12 ቁልፍ የተደረደረበትን፣ ታዋቂ ስም የተለጠፈበትን ኮፒ ማውስ በውድ አትግዙ። ከአንድ ሱቅ 1,800 ብር የተገዛ አይቻለሁ። ስሙ ተለጣፊ ነበር፣ በሳምንቱ ተላጠ። የጎን ቁልፎቹ ከ1 እስከ 9 ያሉትን የኪቦርድ ቁጥሮች ከመድገም ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

የርካሽ ማውስ ሞት ከጎማው ይጀምራል። ወደ ላይ ስታዞሩት ወደ ታች የዞረ ይመስለዋል። ሪኒው ያላችሁት ዲስፔል ይሆናል። ስለዚህ አስፈላጊውን ሂል ጎማው ላይ አታድርጉ። ግራ ቁልፉ ከሞተ ይጠገናል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ስዊች ከሌላ የሞተ ማውስ ወጥታ ትበየዳለች። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚሠሩ ሰዎች ይህን በጥቂት ብር ያደርጉታል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የወጣችበትን ማውስ አሳዩኝ በሉ። ከቀኝ ቁልፍ የወጣች ከሆነች ጥሩ ናት፤ የግራው ስዊች ብዙ ጊዜ ያለቀ ነው።

አሁን ስለ ዋናው ጨዋታ። ከሚድናይት ማስፋፊያ ጋር ብሊዛርድ አድኦኖች በውጊያ ላይ የሚጠቀሙበትን መረጃ ገድቧል። ዊክኦራስ የሚባለው ታዋቂ አድኦን ሠሪዎችም ለዚያ ቅጂ መሥራታቸውን አቁመዋል። ስለዚህ እዚያ የምትጫወቱ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን እንዳለ አትውሰዱት። አድኦኑን ከማውረዳችሁ በፊት ገጹ ላይ ለየትኛው ቅጂ እንደተሠራ አንብቡ። ጨዋታው ራሱ ይዞት ከሚመጣው የሬይድ ፍሬም (የቡድኑን ሰዎች ከሚያሳዩት ሳጥኖች) ጀምሩ። ነፃ ነው፤ በማውስ እየጠቆሙ ማከሚያ ማስተካከያውም አብሮት አለ።

የአውሮፓ ሰርቨር የማታ ሬይድ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ግድም ነው የሚጀምረው። በዚያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ጣት ይደነዝዛል፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ደንዝዞ የሚሳሳት ጣት የሚሄደው ወደ ኦልትና ወደ ኮንትሮል ነው። ታንክ የምታድኑበትን ትልቁን ሂል ያለ ምንም ረዳት ቁልፍ፣ በቀጥታ ግራ ላይ አድርጉት።