ለልጄ አስጠኚ ምስጋና፣ አስጠኚ ለምትፈልጉም ጥቆማ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልጄን ማጥናት ያቃታት ሰነፍ ሆና አይደለም። መጽሐፉ ፊቷ ተዘርግቶ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ትምህርቱን የሚያስረዳ አስጠኚ ብዙ ነው፤ እኚህ መምህር ግን ተረጋግቶ ማጥናትን ራሱን ነው ያስተማሩልኝ።

ሥራቸውን የጀመሩት ከጠረጴዛው ነው። ለዕለቱ የማያስፈልገው ሁሉ ተነሣ፤ ስልኳም ሌላ ክፍል ገባ። ድምፁን ዘግቶ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናትም ስልክ ሳይነካ፣ አጠገብ መኖሩ ብቻ ሐሳብን እንደሚሻማ አመልክቷል።

ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ያወጣውን፣ 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ የማረፍ የፖሞዶሮ ዘዴ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መምህሩ እንዳለ አልጫኑባትም፤ ከምትችለው ጀምረው ቀስ በቀስ አስረዘሙላት። በእረፍቷ ትንጠራራለች፣ ውሃ ትጠጣለች፤ ስልክ ግን አትከፍትም።

ከሁሉ የወደድኩት ቁራጭ ወረቀቷን ነው። በጥናት መሀል ሐሳብ ሲመጣባት እዚያ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ንባቧ ትመለሳለች። አንድ ቀን አንሥቼ ሳየው «ጓደኛዬ ጋ ልደውል»፣ «ነገ ስፖርት አለ፣ ጫማ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ለምን ተቆጣችኝ?» ይላል። ድሮ እያንዳንዷ ከወንበሯ ታስነሣት ነበር። ያቺን የመጨረሻዋን ሳነብ ልጄ ምን ተሸክማ እንደምታጠና ገባኝ።

ምዕራፍ ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ የምታስታውሰውን በራሷ አባባል ትጽፋለች። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ለትኩረትም ትልቅ እገዛ አለው፤ ዘግታ እንደምትጽፍ ስታውቅ ዓይኗ ብቻ አይደለም የሚያነበው።

ለእኛም ሥራ ሰጥተውናል፦ ስታጠና «ነይ እስቲ አንዴ» ብሎ የሚጠራት የለም።

የቤት ሥራ የሚሠራለት ሰው ለሚፈልግ እሳቸው አይሆኑም፤ እርሳስ አይነኩላትም። ልጁ ጎበዝ ሆኖ ትኩረቱ ለሚበተንበት ወላጅ ግን ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማለሁ። ፈቃዳቸውን ስለጠየቅሁ፣ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።