ካውችሰርፊንግ ከጅማ ለሚነሳ መንገደኛ፦ ማደሪያ ይሆናል፣ የቪዛ ወረቀት አይሆንም

እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ካውችሰርፊንግ ሰዎች የማያውቁትን መንገደኛ ያለ ክፍያ ቤታቸው የሚያሳድሩበት አገልግሎት ነው። የመሸበትን እንግዳ ማሳደር ለጅማ ሰው አዲስ ስላልሆነ ሐሳቡ ቶሎ ይገባል። ነገር ግን ብቻውን አውሮፓን ሊዞር ያሰበ ሰው አገልግሎቱ የሚጠቅምበትንና የማይጠቅምበትን ሳይለይ ከተነሳ፣ ጉዞው ገና አዲስ አበባ ላይ ቪዛ ሲጠይቅ ሊሰናከል ይችላል።

አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ ፈቃድ ለሚያስገባው የሸንገን ቪዛ የት እንደሚታደር በወረቀት ማሳየት ግድ ነው። የማይተዋወቁት ሰው አፑ ላይ «ና፣ ሶፋው ባዶ ነው» ብሎ የጻፈው መልእክት እዚህ ላይ ክብደት የለውም። ጀርመን ያለ ጋባዥ በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ፣ ገቢውን አሳይቶ፣ የእንግዳውን ወጪ ሊሸፍን በሕግ የሚያስገድደውን ሰነድ ይፈርማል። ፈረንሳይ ያለው ደግሞ እንግዳ እንደሚቀበል የሚገልጽ ወረቀት ከማዘጋጃ ቤት ያወጣል። ይህን ሁሉ የሚደክምልዎ ዘመድ ወይም የልብ ወዳጅ ነው። ጊዜውም አይገጥምም፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር እስከ 15 ቀን ቀደም ብሎ ይገባል፣ ሶፋ የሚሰጡት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጡት ቀኑ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ቆይታ ወዳጅ ያለበት አገር ላይ አድርጎ ለዚያው አገር ማመልከት፣ ለቀሩት ሌሊቶች ሆቴል መያዝ ይሻላል። ለአዋቂ 90 ዩሮ የሚከፈልበት ማመልከቻ ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ቪዛው ከተመታ በኋላ ግን ካውችሰርፊንግ ጥሩ አገልግሎት ነው። ከ2020 ጀምሮ በብዙ አገሮች አባላቱን ያስከፍላል፤ ከመነሳት በፊት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ትልቁ እንቅፋት ባዶ ፕሮፋይል ነው። ምስክርነት የሌለውን ሰው፣ ያውም ከሩቅ አገር የመጣ ወንድ ከሆነ፣ ጥቂቶች ብቻ ይቀበሉታል። መፍትሔው እዚሁ ጅማ አለ፦ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን የሚወጡትንና ወደ ቦንጋ የሚያልፉትን መንገደኞች አስቀድሞ ማሳደር፣ ቤት ካልተመቸም ከተማዋን አዙሮ ማሳየት። እነሱ የሚጽፉት ቃል አውሮፓ ላይ በር ይከፍታል።

ጥያቄ ሲላክ የሰውየውን ገጽ አንብቦ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ ገልጾ ለእሱ ብቻ የተጻፈ ይሁን። ለአሥር ሰው የተገለበጠ ደብዳቤ ያስታውቃል። ሁለት ሌሊት ተገቢ ነው፣ ከሦስት በላይ መጠየቅ ይከብዳል። ፓሪስና በርሊን ጥያቄ ይበዛባቸዋል፤ እንደ ላይፕዚግ (ጀርመን)፣ ጌንት (ቤልጅየም) ወይም ቦሎኛ (ጣልያን) ያሉ አነስ ያሉ ከተሞችን መሞከር ይሻላል። የመኝታውን መግለጫ ሳያነቡ አይስማሙ፣ «የጋራ ክፍል» ማለት ከባለቤቱ ጋር አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ሴት ተጓዥ ሌሎች ሴቶች የጻፉትን ምስክርነት ትፈልግ፣ የአንድ ሌሊት ሆስቴል ገንዘብም ለብቻው ትያዝ፤ ካልተመቻት ምክንያት መስጠት አይጠበቅባትም። ጣልያን ውስጥ ባለቤቱ የውጭ እንግዳ ማሳደሩን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ፓስፖርት ፎቶ ኮፒ ቢጠይቅ አይደንግጡ።

ክፍያው ለከበደው ቢዌልካም አለ። በበጎ ፈቃደኞች የሚመራና ነጻ ነው፣ አሳዳሪዎቹ ግን ያንሳሉ።

ስጦታ ይዞ መሄድ ደንብ ነው። የተቆላ የጅማ ቡና ያስደስታል፣ ማርም እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቅቤና ቋንጣ ግን በሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገቡም፣ ጉምሩክ ላይ ይወረሳሉ፤ ፍራንክፈርት ያለው ወዳጅ ቅቤ ካዘዘ አስቀድመው ይንገሩት።