አግሪኤብል ግሬይ ወይስ ሪፖዝ ግሬይ? ለሳሎን የቱ ይሻላል

ሁለቱም ሸርዊን ዊሊያምስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግድግዳ ቀለሞች ናቸው። ሁለቱም ግራጫ። ሱቅ ውስጥ ካርዳቸውን ጎን ለጎን ብታዩት «ይሄ ምኑ ያጨቃጭቃል?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔና ባለቤቴ ግን ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅንበት።

ብርሃን በማንጸባረቅ እንኳ ብዙም አይበላለጡም፤ ከ100 አግሪኤብል 60፣ ሪፖዝ 58 ነው። ስለዚህ የቱ ይፈካል የሚለውን ተዉት። ልዩነቱ ከግራጫው ሥር ያለው ነገር ላይ ነው። አግሪኤብል ወደ ቤዥ ያደላል። ሪፖዝ ቀዝቀዝ ይላል፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ነገር ብቅ ይልበታል። ለእኔ የተገለጠልኝ ነጭ ነጠላ ሶፋው ላይ ዘርግቼ ካርዶቹን ላዩ ላይ ሳስቀምጥ ነው፤ አንዱ ሻይ በወተት መሰለ፣ ሌላው የዝናብ ደመና።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ (አሜሪካ) ያለው ቤታችን የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ በቀጥታ አይገባውም ማለት ይቻላል፣ ብርሃኑም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሪፖዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያለችው ባለቤቴ ናት፣ ስልኳ ላይ ያየችው ፎቶ አማልሏት። ደግነቱ ትንንሽ ሳምፕል ገዝተን ትልልቅ ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀባን (ግድግዳው ላይ አትሞክሩት፣ የድሮው ቀለም ጎኑ ሆኖ ዓይን ያታልላል) እና ጠዋት መስኮቱ አጠገብ፣ ማታ መብራት ሥር እያዞርን አየነው። ጠዋት ሪፖዝ የክሊኒክ ኮሪደር መሰለ። ማታ በ2700 ኬልቪን አምፖል (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠው) ደግሞ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን! እማዬ ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየችንና «ለአንድ አመድ ነው እንዲህ የምትነታረኩት?» አለች።

አግሪኤብልን ቀባን። ቡናማው ሶፋና የእንጨቱ ወለል ተስማሙት። ቅር ያለኝ፣ ረከቦቱ ያለበት ጥግ ሲመሽ ትንሽ ጭቃ ጭቃ ይመስላል። አጨራረሱን ኤግሼል (ትንሽ ብቻ የሚያብረቀርቀውን) አድርጉት፤ ቡና ቢፈናጠርበት በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል፣ ፍላት (ምንም የማያብረቀርቀው) ግን ስትፈትጉት ምልክት ይተዋል።

ሪፖዝንም አልጣልነውም። መኝታ ቤታችን ወደ ደቡብ ስለሚያይ እዚያ ቀባነው፣ ሐምራዊው ድራሹ ጠፋ፣ በጣም ያምራል። ችግሩ፣ ባለቤቴ አሁን «ሳሎኑንም እንቀይረው» ማለት ጀምራለች። ካርቶኖቹን እንዳልጣልኳቸው አልነገርኳትም።